«እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ ስለፈረምኩባቸው አምስት ቅጾች

ለክቡር የክሊኒኩ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በእርስዎ ሥር ያሉት ሐኪሞችና ነርሶችም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለደንቡ ያህል አይደለም፤ ጤና ሲጎድል ወዴት እንደሚኬድ ስለማውቅ ለእርስዎ ፈጽሞ እንዳይጎድልብዎ አስቤ ነው።

ማን እንደሆንኩ ላያስታውሱ ይችላሉ። ባለፈው ወር ቢሮዎ ገብቼ፣ ተቀመጪ እስክባል ቆሜ፣ ከተባልኩም በኋላ የወንበሩ ጫፍ ላይ የተቀመጥኩት፣ ስወጣም በሩ ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጄ የዘጋሁት ሴት ነኝ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ በስኳር በሽታ ከሞተች ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። በእርስዎ ክሊኒክ በሰባት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ታይታለች። ስኳር መሆኑን የሰማነው ግን በስድስተኛው ጉዟችን፣ ሌላ ቦታ ሄደን ነው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወደ ሥራ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ጽሕፈቴም ዝግ ያለ ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አምስት እሑድ ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያውን እሑድ «ክቡር» ልበል ወይስ «የተከበሩ» በሚለው ላይ ብቻ ጨረስኩት። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ረቂቁን አይተው የፊደል ግድፈቱን አረሙልኝ፤ ቁጣ ያለበትንም ቦታ በእርሳስ አስምረው «ይህ ይውጣ» አሉኝ። አወጣሁት። የቀረውን ሳነበው የመልካም ምኞት ካርድ መሰለኝና ጥቂቱን መልሼ አስገባሁት። አስተማሪው አላወቁም፤ እርስዎም እንዳይነግሩብኝ።

የምሠራው የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት ነው። ሥራዬ መስፋት ሳይሆን ተሰፍቶ ያለቀውን ማየት ነው። ሸሚዙን ገልብጬ ስፌቱን በአውራ ጣቴ እከተላለሁ፣ ቁልፉን ሳብ አደርጋለሁ፣ የአንገቱን ሁለት ጫፍ አጋጥሜ አያለሁ። አንድ ክር ከላላ ይመለሳል። ሰፊዎቹ ያወጡልኝ ስም «መልሱት» ነው፤ ከሩቅ ሲያዩኝ «መልሱት መጣች!» እየተባባሉ ቀና ብለው ይቀመጣሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ማንንም ፈርቼ የተበላሸ ልብስ አሳልፌ አላውቅም። ይህን የምነግርዎ ለመኩራራት አይደለም። ከዚህ በታች የማወራልዎ ሴት ያችው እኔ መሆኔን እንዲያምኑኝ ብዬ ነው።

አቤቱታዬን በቁጥር አድርጌዋለሁ፤ ቁጥር ያለው ነገር እርስዎ ዘንድ እንደሚከበር አይቻለሁና።

አንደኛ፦ ስለ መጀመሪያው ቀንና ስለ መጀመሪያው ቅጽ።

ልጄን ቤት ውስጥ «ዳኛዋ» ነበር የምንላት። ትንሽ ትልቁን ስለምትሞግት ወንድሜ ያወጣላት ስም ነው። ወደ እናንተ ያመጣኋት ቀሚሷ ስለሰፋት ነበር። ሌላ እናት የልጇን መክሳት ከፊቷ ላይ ታያለች፤ እኔ ከስፌቱ ላይ ነው ያየሁት። ወገቡን ሁለት ጊዜ አጠበብኩላት፤ በሦስተኛው መርፌውን አስቀመጥኩና ይዣት መጣሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ደርሰን አምስት ሰዓት ላይ ገባን። ዶክተሩ ካርዱ ላይ እየጻፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠየቋት። «አሥራ አንደኛ» ስትላቸው «ታዲያ ፈተና ማንን ያላከሳው አለ?» ብለው ቪታሚን አዘዙ።

ስንወጣ ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ ቅጹን ሰጠችኝ። አሥራ ሁለት ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ሳጥን፤ ከ«በጣም ዝቅተኛ» ይጀምርና «እጅግ በጣም ጥሩ» ላይ ያበቃል። ልጅቷ እስክሪብቶዋን እየጠበቀች ፊቴ ቆማለች። «የጥበቃ ጊዜው እንዴት ነበር?» ለሚለው አምስተኛው ሳጥን ውስጥ ራይት ሳደርግ ዳኛዋ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችው። «እማ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተገትረን ነው እጅግ በጣም ጥሩ የሆነው?» አለችኝ። «ዝም በይ፣ ይሰሙሻል» አልኳት። «ይስሙኛ! ሸሚዝ ቢሆን እኮ ይሄኔ መልሰሽዋል» አለች። የካርድ ክፍሏ ልጅ ሳቀች። እኔ አፈርኩ። ያፈርኩትም በራሴ ሳይሆን በልጄ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ማንም እጄን ይዞ አላስፈረመኝም፤ ይህን በግልጽ መመስከር አለብኝ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ነው። ደግሞም ልቤ ውስጥ አንድ ብልጠት የመሰለኝ ነገር ነበር፦ ልጄን እጃቸው ላይ አስቀምጬ እንዴት ሁለት እሰጣቸዋለሁ? አምስት ስሰጣቸው እነርሱም ለልጄ አምስት ይሰጧታል ብዬ አሰብኩ። ብልጥ ነኝ ያለች ሴት ከራሷ ልጅ በስተቀር ማንንም እንደማታታልል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ውሃው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመልሰን መጣን። ዳኛዋ ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ እንደ ሕፃን ታቅፋ ነበር፤ ወረፋ ስንጠብቅ አንዱን ጨርሳ ሌላ አስገዝታኛለች። ለዶክተሩ «ጥማቱ አልቆርጥ አላት፣ ሌሊትም እየተነሳች ተቸገረች» አልኳቸው። እርሷ ደግሞ ቀበል አድርጋ «ለሽንት ነው ዶክተር፤ አራቴ አምስቴ» አለች። እንዲህ ያለ ቃል በሐኪም ፊት በማውጣቷ በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። ዶክተሩ ግን አልተቆጡም። «ብዙ የጠጣ ብዙ ይሸናል፣ ሒሳብ ነው» ብለው ሳቁ። «ወጣቱ ሁሉ እንደ አንቺ ውሃ ቢጠጣ እኛ ሥራ በፈታን!» ሲሉም ጨመሩ።

ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። እኔም በዚያን ቀን የተሰማኝ ኩራት ነው። ሥራ ቦታ ገብቼ ልጄን ዶክተሩ በውሃ አጠጣጧ እንዳመሰገኗት ለልብስ ተኳሿ ጓደኛዬ አውርቼላታለሁ። «ታድለሽ፣ የእኔዋ ለስላሳ ካልሆነ አትጠጣም» አለችኝ። ሁለተኛውን ቅጽ የሞላሁት ፈገግ እያልኩ ነው። «ሐኪሙ በሚገባ አዳምጦዎታል?» ለሚለው አምስት ሰጠሁ፤ መሳቃቸውን እንደ ማዳመጥ ቆጥሬው ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ስለ ተናገረው ሰው ግን ምን እንደሚባል አላውቅም። አባቶቻችን ያንን ተረት ሳይጨርሱት የሄዱ ይመስለኛል።

ሦስተኛ፦ ስለ ዓይኗ።

ትምህርት ቤት ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ እየደበዘዘባት ነው አልን። «ስልክ ነው» አሉ ዶክተሩ። ይህ እንኳን ምርመራ አላስፈለገውም። እኔም እስከ ዛሬ ከተሰጡኝ ምክሮች ሁሉ ይህንን አጥብቄ ፈጸምኩት፤ ስልኳን ቀምቼ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አኖርኩት። ዳኛዋ «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ንብረት አይወረስም» ብላ ተሟገተች፤ አልሰማኋትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጓደኞቿ ጋር ሳትደዋወል፣ ሳትጻጻፍ ቆየች። በኋላ ስቆጥረው ከቀሯት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ሁለቱ ናቸው።

ሦስተኛው ቅጽ ላይ «ሌላ አስተያየት ካለዎት» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። «እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ልጄን ከስልክ ስላላቀቃችሁልኝ» ብዬ ጽፌበታለሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ያምር ነበር።

አራተኛ፦ ስለ ጭማቂው።

ለአራተኛ ጊዜ ስንመጣ ሆዷን ይዛ፣ እያስመለሳት ነው የገባችው። «ጨጓራ» ተባለ፤ ሽሮፕ ታዘዘ። «ከስታለች፣ አቅም ያስፈልጋታል፤ ጣፋጭ ነገር፣ ጭማቂ በብዛት ይስጧት» አሉኝ። ወንድሜ ጭማቂ መጭመቂያ ገዝቶ መጣ። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ፣ ማታ ሁለት ብርጭቆ፤ ስኳሩን መጀመሪያ በሻይ ማንኪያ፣ አቅም አልመለስ ሲላት ደግሞ በሾርባ ማንኪያ አደረግሁት። «እማ አልፈልግም፣ አፌ ውስጥ ሌላ ነገር ይሸተኛል» ስትለኝ «ሐኪሙ ያዘዙት ነው፣ አንቺ ከእርሳቸው አታውቂም» እያልኩ አገጯን ይዤ አጠጣኋት። ጎበዝ አስታማሚ ነበርኩ። አንድም ቀን አላጓደልኩባትም።

እዚህ ላይ ስደርስ አንድ እሑድ ሙሉ ምንም ሳልጽፍ ቀርቻለሁ፤ ደብዳቤው የዘገየው በዚህም ነውና ይቅርታ።

ቅጹ «የተሰጠዎት ምክር ግልጽ ነበር?» ይላል። አምስት። በእርግጥም ግልጽ ነበር።

አምስተኛ፦ ስለ ፖስታው።

ለአምስተኛ ጊዜ የመጣንበት ቀን ማክሰኞ ነበር። ዳኛዋ ከታክሲው እስከ ክሊኒኩ በር ያለችውን መንገድ ሁለት ጊዜ አረፍ ብላ ነው የጨረሰቻት። እኔ ያን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዶክተሩን አስቸገርኳቸው፤ «ዶክተር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሆነ ምርመራ ቢታዘዝላት ደስ ይለኝ ነበር» አልኳቸው። ድፍረቴ ይህን ያህል ነበር። እርሳቸውም እምቢ አላሉም፤ የደምና የሽንት ምርመራ አዘዙላት። በኋላ ቢሮዎ እርስዎ ካርዱን ሲገልጡት እንዳየሁት ዶክተሩ «እናት ትጨነቃለች። ለእናቲቱ መረጋጋት ሲባል ምርመራ ታዘዘ» ብለው ጽፈዋል። ስለ መረጋጋቴ በማሰባቸው አመሰግናለሁ።

ውጤቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣ። የላቦራቶሪው ባለሙያ በፖስታ አድርገው፣ አሽገው፣ ላዩ ላይ «ለሐኪም ብቻ የሚከፈት» የሚል ማኅተም መትተው ሰጡኝ። ይዤ ወደ ዶክተሩ ክፍል ስሄድ ክፍሉ ተቆልፏል። የካርድ ክፍሏን ልጅ ጠየቅኋት። «እናቴ፣ ሐኪሞቹ በሙሉ ፎቅ ላይ ናቸው፤ የአገልግሎት ጥራት ማሻሻያ ስብሰባ አለ። ዛሬ የሚወርዱ አይመስለኝም። ነገ ጠዋት ይምጡ፣ የመጀመሪያ አድርጌ አስገባዎታለሁ» አለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት፤ በእርሷ አልፈርድም። እኔም «ምንም አይደል ልጄ፣ ሥራችሁን ሥሩ» አልኳት። «ሥራችሁን ሥሩ» ስል በአሽሙር እንዳይመስልዎ፤ ያኔ ገና አሽሙር አልጀመርኩም ነበር።

ከዚያም አምስተኛውን ቅጽ ሞላሁ። ልጄ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ስለነበር የቀኝ እጄ በደንብ አይንቀሳቀስም፤ ራይቶቹ ጠመም ጠመም ያሉት ስለዚህ ነው፤ በጥራታችሁ ላይ ጥርጣሬ ኖሮኝ አይደለም።

ታክሲ ውስጥ «እማ፣ ክፈቺውና እንየው» አለችኝ። «ለሐኪም ብቻ ይላል» አልኳት። ዓይኗን ጨፍና፣ በደከመ ድምፅ፣ «ሽንቱ የእኔ፣ ደሙ የእኔ፣ ወረቀቱ የሐኪም። ይግባኝ እላለሁ» አለች። ሳቅኩ። ፖስታውንም እንዳይታጠፍ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ በሁለት ደብተር መሃል አስቀመጥኩት። ቤት ስንደርስ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት፤ ሳህን እንዳይነካው ራቅ አድርጌ። ያ ወረቀት በሕይወቱ እንደዚያ ተከብሮ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ዳኛዋ ተኝታ ሳለች ዳገት እንደምትወጣ ሰው ትተነፍስ ነበር። ስጠራት ዓይኗን ትገልጣለች እንጂ አትሟገትም። እኔ ክቡር ሆይ፣ ቀጠሮ ስላለን፣ ደግሞም የመጀመሪያ ተደርገን እንደምንገባ ቃል ስለተገባልን፣ ወደ እናንተ ልንሄድ ነው ብዬ ጫማዋን እፈልግ ነበር። ወንድሜ ነው «አንቺ ሴትዮ፣ ቀጠሮሽን ይዘሽ ቅሪ!» ብሎ ልጅቷን ተሸክሞ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሮጠው። እኔ ፖስታውን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ።

እዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም ፖስታውን ከእጄ ወስደው በጣታቸው ቀደዱት። ያን ያህል ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ አንድ ጣት። ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ የስኳሩ መጠን ተጽፎ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ ከጎኑም በቀይ «በአስቸኳይ ይታይ» ይላል። የእናንተ ባለሙያ «አስቸኳይ» የሚለውን ቃል በሚገባ ጽፈው፣ ከዚያ ፖስታ ውስጥ አሽገውታል። ሐኪሟ «ይሄ መቼ ነው የወጣው?» አሉኝ። «ትናንት፣ ስምንት ሰዓት ላይ» አልኳቸው። «ማን አየው?» አሉ። «ማንም አላየውም። ለሐኪም ብቻ ይላል» አልኩና ማኅተሙን አሳየኋቸው፤ ደንብ ማክበሬን እንዲያውቁልኝ። ማኅተሙን ሳያዩት ወደ ልጄ ሮጡ።

ያን ቀን ሙሉ ታገሉላት። በማግስቱ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ልጄ ሞተች።

ቁጥሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ስድስተኛ ጊዜ ወደ እናንተ አልመጣንምና።

ወደ ቢሮዎ የመጣሁትን ግን ሳላነሳ አላልፍም፤ ስለ መስተንግዶዎ አላመሰገንኩምና። ንግግሬን ሦስት ቀን አጥንቼ ነው የመጣሁት። ገና «ልጄ…» ስል እርስዎ በትሕትና «እናታችን፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው» ብለው አንድ ፋይል አስመጡ። አምስቱን ቅጾች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ፤ ልክ እኔ ሸሚዝ እንደምዘረጋው። «እስቲ ይህ ፊርማ የማን ነው?» አሉኝ። «የእኔ ነው» አልኩ። «ይህስ?» «የእኔ ነው።» «ስድሳ ጥያቄ ጠይቀንዎታል፤ ስድሳውንም እጅግ በጣም ጥሩ ብለዋል። ታዲያ እኛ ችግር መኖሩን በምን እንወቅ?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ለልጄ በጊዜው ስላላደረጋችሁላት ምርመራ ልከስሳችሁ ሄጄ፣ በራሴ የእጅ ጽሕፈት ተከስሼ ወጣሁ። ስወጣም «አመሰግናለሁ» አልኩዎት። ደረጃውን ወርጄ ግቢው መሃል ስደርስ ነው ለምን እንዳመሰገንኩ ራሴን የጠየቅሁት። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ሰፊዎቹ ይህን ቢሰሙ «መልሱት» የሚለውን ስም ይነጥቁኛል፤ ልክም ናቸው።

በምን እንወቅ ላሉት ግን፣ በአምስት እሑድ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። እኔ ሸሚዝ ስፈትሽ ሸሚዙን «እንዴት ነህ፣ ደህና ተሰፍተሃል?» ብዬ አልጠይቀውም፤ ገልብጬ አየዋለሁ። እናንተ የጠየቃችሁት እኔን ነው፤ መገልበጥ የነበረበት የልጄ ጉዳይ ነበር። ፈሪ እናት ምን ጊዜም አምስት ትሰጣለች። የእናንተን መጠበቂያ ወንበር ሞልተን የምንቀመጠው ደግሞ አብዛኞቻችን ፈሪ እናቶች ነን።

በመግቢያው ሰሌዳ ላይ «የተገልጋይ እርካታ ዘጠና ስምንት በመቶ» ተብሎ በትልቁ ተለጥፎ አይቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። በሚመጣው ወርም የጥራት መዛኞች መጥተው ለክሊኒኩ ደረጃ እንደሚሰጡ እዚያው ላይ አንብቤአለሁ። ልጄን የሚመልስልኝ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ያን አልጠይቅም። እነርሱ ከመምጣታቸው በፊት ግን የሚከተለው እንዲደረግልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ስድሳዎቹ ራይቶቼ ከዘጠና ስምንቱ ውስጥ ይውጡልኝ። በውሸት ላይ የፈረምኩ እኔ ነኝ፤ መልሱት የምለውም እኔ ነኝ። ቅጾቹ ለእኔ ተመልሰው በቦታቸው ይህ ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ይግባ፤ መዛኞቹም ያንብቡት። የጊዜ እጥረት ካለባቸው ቁጥር አምስትን ብቻ ቢያነቡ ይበቃል።

በልጄ ካርድ ላይ «እናት ትጨነቃለች» የሚለው አይሰረዝ። ከሥሩ «ልክ ነበረች» ተብሎ ይጨመርበት።

ሦስተኛውና ዋናው ይህ ነው፦ ከእንግዲህ ማንም ሰው ያልተነበበ ውጤት ይዞ ከግቢያችሁ አይውጣ። ስብሰባ ቢኖርም አንድ ሐኪም ታች ይቅር። «አስቸኳይ» የሚለው ቃልም ከፖስታው ውጪ ይጻፍ። እኛ ዘንድ ተቆጣጣሪ ያልከፈተው ካርቶን ከመጋዘን አይወጣም፤ ይህ ለሸሚዝ ያለን ደንብ ነው። ለሰውም ቢሠራ የሚከብድ አይመስለኝም።

መዛኞቹ በሚመጡበት ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ወረፋ ይዤ፣ ቦታዬ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ በመጠበቅ ልምድ አለኝ። ከጎኔ ለሚቀመጡ እናቶችም፣ ካላስቆጣዎት፣ አንድ ነገር ብቻ እነግራቸዋለሁ፦ መጀመሪያ ልጅሽን አሳዪ፣ ከዚያ አመስግኚ።

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤናና ቀና ብሎ የሚያይ ሐኪም እየተመኘሁልዎ፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣

የክሊኒክዎ ታዛዥ ተገልጋይ፣ የወረፋ አክባሪ፣ የታሸገ ፖስታ ጠባቂ፣ ለስድስት ወር ያህል እጅግ በጣም የረካሁት
የዳኛዋ እናት

ማስታወሻ፦ ከላይ «ስድስት ወር» ያልኩት ስህተት ነው፤ የረካሁት ሰባት ሳምንት ብቻ ነው። አስተማሪው ስርዝ እንዳያዩብኝ እንዲሁ ተውኩት። ደግሞ አንድ ነገር። ባለፈው ሐሙስ የተኳሿ ጓደኛዬ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን፣ «ጠማኝ፣ ጠማኝ» አለች ተብሎ አብሬአቸው ወደ እናንተ መጥቼ ነበር። ነርሷን «ስኳሯን ለኩልኝ» አልኳት። «እርስዎ ሐኪም ነዎት እንዴ?» አለችኝ። «አይደለሁም፤ ካልለካችኋት ግን ከዚህ አልነሳም» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ጓደኛዬ በሐፍረት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሕፃኗ እግዚአብሔር ይመስገን ምንም የለባትም፤ ገመድ ዝላይ ነው ያስጠማት። ጣቷን ስላስወጋሁት እስካሁን አኩርፋኛለች። እኔ ግን ከመርፌው እስከ ቁጥሩ ያለውን ጊዜ በግድግዳችሁ ሰዓት ላይ ቆጠርኩት። አንድ ደቂቃ አልሞላም። አምስት ጊዜ ተመላልሰን ያችን ደቂቃ ያጣችሁት በሥራ ብዛት መሆኑን ስላልተረዳሁ፣ ስላስጨነቅኋችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።